የረቡዑን አውሮፕላን የተውኩ ጊዜ

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ይህንን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት አርባን ካለፍኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያውም ወድጄ ሳይሆን የቀበሌው ጥበቃ በር በር እያንኳኳ ሲለቅመን። ዛሬም «ሀ»ን ከ«ሐ» የምለየው እንደ ቀናኝ ነው። ስህተት ካገኛችሁ ለአብዮቱ ተዉለት፤ ያስተማረኝ እሱ ነው።

የማወራችሁ የሁለት ቀን ነገር ነው። ሰው «ነገ መንገድ አለብኝ» ባለኝ ቁጥር «ታዲያ ዛሬ ምን ትሠራለህ እዚህ?» የምለው በነዚያ ሁለት ቀናት የተነሳ ነው።

ያን ጊዜ ጎሬ ነበርኩ። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ባሌ ከሞተ ቆይቷል፣ አንዲት ሻይ ቤት አለችኝ፤ ሻይ ቤት ማለት አራት አግዳሚና አንድ የሚያፈስ ጣራ ነው። ስሜ አስካለ ነው፤ ሠፈሩ ግን «ፈሪዋ» ይለኛል፣ አልዋሹም። ነጎድጓድ እፈራለሁ። በቅሎ እፈራለሁ። ስብሰባ እፈራለሁ፤ ይቺን እንኳ ያን ጊዜ የማይፈራ አልነበረም፣ እኔ ብቻ ነኝ የማልደብቀው። ከሁሉ በላይ ግን ለልጄ እፈራለሁ። አንድ ልጅ ነው ያለኝ፣ ሙሉነሽ።

ሙሉነሽ ድሬሰር ሆና ማታር ተመደበች። ማታር ከጋምቤላ ባሮን ይዞ ቁልቁል ሲወርዱ ሱዳን ጠረፍ አጠገብ ያለች የወንዝ ዳር ከተማ ናት። በክረምት መንገዱ ረግረግ ስለሆነ የምታደርሰው አንዲት መርከብ ብቻ ነበረች። እዚያው ካለ አስተማሪ ጋር ተጋባችና አረገዘች። በሰኔ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። «እማዬ፣ በሐምሌ እወልዳለሁ። በወሩ መጀመሪያ ሐሙስ በስምንት ሰዓት ከጋምቤላ የምትነሳ መርከብ አለች፣ በሷ ነይ። አንቺ ሳትደርሺ አልወልድም» ይላል። ቀልዷን መሆኑ ነው። እኔ ግን ቀልድ አላውቅም፤ ደብዳቤውን ይዤ አለቀስኩ፣ ከዚያ ቅቤ ማንጠር ጀመርኩ።

ያን ሳምንት ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ሁለት በረራ ነበረ፣ የረቡዕና የሐሙስ። ጎረቤቴ ወርቄ ስንቄን ስንቋጥር እንዲህ አለችኝ፦

«የረቡዑን ያዢ።»

«ለምን? መርከቧ ሐሙስ ናት።»

«ለዚያ ነዋ። ከዋዜማው ድረሺና እደሪ።»

«ጋምቤላ ልደር? ጤና የለሽም እንዴ? የወባው ትንኝ ዝንጀሮ ያክላል ይላሉ። አዞው ገበያ ይወጣል ይላሉ።»

«ገበያ ወጥቶ ምን ሊገዛ?»

«እኔን ነዋ! ሐሙስ አራት ሰዓት አውሮፕላኑ ያወርደኛል፣ ስምንት ሰዓት መርከብ ላይ ነኝ። ምድሩንም ሳልረግጠው ዘልዬ እገባለሁ።»

ወርቄ ቋጠሮውን ጎትታ አጠበቀችው። እንዲያ ስታደርግ ነገሬን አልወደደችውም ማለት ነው። እኔ ደግሞ አንዲት ሌሊት ከጋምቤላ ስላተረፍኩ የልቤ ደረሰ።

የይለፍ ወረቀቴን ቀበሌ አወጣሁ። ጸሐፊው ወጣት ነው፣ ቸኩሏል፣ ስብሰባ አለበት። «የጉዞው ምክንያት?» አለኝ። «ልጄ ልትወልድ ነው» አልኩት። ጻፈና ማኅተሙን ደቃበት። ምን እንደጻፈ ያን ሰዓት አላነበብኩም። ፊደል ማወቅና ወረቀት ማንበብ ለየቅል ናቸው።

ረቡዕ ከሰዓት አውሮፕላኑ በጠራ ሰማይ በራሳችን ላይ አልፎ ወደ ጋምቤላ ሲወርድ አየሁት። ሻይ ቤቴ በር ላይ ቆሜ ለወርቄ «እንኳንም አልተሳፈርኩበት» አልኳት። ያቺን አረፍተ ነገር አደራ አትርሱብኝ።

ረቡዕ ማታ ዝናብ ያዘ። እንዴት ያለ ዝናብ መሰላችሁ፤ ጣራዬ አንድ ቦታ ያፈስ የነበረው አምስት ቦታ ሆነ። ሐሙስ ጠዋት ማረፊያው ሜዳ ስደርስ ጎሬ በጉም ተውጣለች። የራሴን እጅ ዘርግቼ አጣሁት። ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ከኔ ጋር በግ የያዘ ሰውዬና ሁለት ወታደሮች ነበሩ። አራት ሰዓት ሲሆን የአውሮፕላኑ ድምፅ መጣ። ድምፁ ብቻ። በራሳችን ላይ ዞረ፣ ዞረ፣ ሄደ።

«መጣ እኮ» አልኩ።

«ማረፊያው አልታየውም፣ ጅማ ይመለሳል» አለ ባለበጉ። «ጉሙ ሲገፈፍ ይመጣል።»

«መቼ ነው የሚገፈፈው?»

«በመስከረም» አለኝ። በጉ እንኳ ዘወር ብሎ አየው።

ስድስት ሰዓት አለፈ። የእጅ ሰዓት የለኝም፤ አንደኛውን ወታደር እየደጋገምኩ ስጠይቀው በመጨረሻ ሰዓቱን ፈቶ ሰጠኝ፣ «እማማ፣ ራስሽ ያዢው» ብሎ። ስድስት ተኩል ላይ ጉሙ ጭላንጭል ሰጠና ያ አሮጌ አውሮፕላን ገባ። ወንበሩ ከግድግዳው ጋር የተገጠመ ሸራ ነው። ፊት ለፊቴ በጉ፣ እግሬ ሥር ቅቤዬ። ሲነሳ ዓይኔን ጨፍኜ ሁሉንም ታቦት በስሙ ጠራሁ፤ ከነማላውቃቸው።

ጋምቤላ ሰባት ሰዓት አለፍ ሲል አረፍን። በሩ ሲከፈት የተቀበለኝን ሙቀት በምን ልንገራችሁ። የዳቦ ጋጋሪ ምድጃ አፍ ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ጎሬ ላይ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ የቋጠርኩት ቅቤ፣ አዝዬው ስነሳ፣ ጀርባዬ ላይ መቅለጥ ጀመረ። ደረጃውን ስወርድ አንዱ ጠብታ ወገቤ ደርሷል።

ጥበቃው ይለፌን ተቀበለና አነበበ። ቀና ብሎ ሆዴን አየ። እንደገና አነበበ።

«እማማ፣ የመጡት ለምንድነው?»

«ልጄ ልትወልድ ነው።»

«እዚህ ላይ ‘የጉዞ ምክንያት፦ ለመውለድ’ ነው የሚለው።»

«የጻፈው ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል።»

ሳቁን መያዝ አቃተው። «ትናንት እዚሁ የቆመችው ብትለኝ አምን ነበር፣ ሆዷ ከሷ ቀድሞ ነው የደረሰው። እርስዎን ግን እንዴት ልመን?»

ማነች የቆመችው አላልኩትም። ሰባት ሰዓት ከሩብ ነው፣ መርከቧ ስምንት ላይ ናት፣ ቅቤው እየፈሰሰ ነው። «ልለፍ ልጄ፣ መውለዴን በኋላ ታየዋለህ» ብዬው ሮጥኩ። ወደ ከተማ የሚገባ የጭነት መኪና ላይ ከበጉ ጋር ወጣሁ።

መርከቧ የምትቆምበት ወንዝ ዳር ስደርስ ስምንት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል። አሁን የወታደሩን ሰዓት እንዳልመለስኩለት ያስተዋላችሁ ካላችሁ፣ እውነት ነው፣ አልመለስኩለትም። እሱን ሌላ ቀን እጠየቅበታለሁ። ባሮ ቡናማ ሆኖ፣ እስከ አፍ ገደፉ ሞልቶ፣ ግንድ እየተሸከመ ይሮጣል። መርከብ ግን የለም። የታሰረችበት ገመድ ምልክት በግንዱ ላይ አለ፣ እሷ የለችም።

ፊት ለፊቱ አንድ ሱቅ አለ። ባለሱቁ ሰይድ የሚባል ነጋዴ ነው፣ ከደጋ የመጣ፣ ጢሙን ሂና የተቀባ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጨው ይሰፍራል።

«ወንድሜ፣ የማታር መርከብ የት ናት?»

«ሄደች።»

«ስምንት ሰዓት ነው የተባልኩት።»

«ስምንት ሰዓት ነበር። ሌሊት ውሃው መጣና ጠዋት በሦስት ሰዓት ተነሳች። ከታች አሸዋ የሚከመርበት ቦታ አለ፤ ካፒቴኑ ውሃው ሞልቶ ሳለ ካላለፈው አሸዋው ላይ ይቀመጥና ሳምንት ዝንብ ያባርራል። ሲሞላ ይሄዳል፣ ሰዓት አያይም።»

«የምን ውሃ ነው በሌሊት የሚመጣው? እዚህ ጠብታ የለም፣ አቧራ ነው!»

ሰይድ ጨው መስፈሩን አቆመ። «ከየት ነው የመጣሽው እህቴ?»

«ከጎሬ።»

«ትናንት ማታ ጎሬ ዘንቧል?»

«ጣራዬን አፍርሶታል።»

«እሱ ነዋ» አለና ወንዙን በአገጩ አሳየኝ። «እናንተ ጋ የዘነበው እዚህ ወርዶ ነው ባሮ የሚሆነው። ዝናቡ አንቺን እዚያ አስሮ መርከቧን እዚህ ፈታት። በክረምት የዕለቱን አውሮፕላን ያመነ ሰው ሁሉ እዚህ በረንዳ ላይ መጥቶ ይቀመጣል። ያቺ አግዳሚ የነሱ ናት። ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ቅቤው ላይ ነው የተቀመጥኩት፣ ቆይቶ ነው የገባኝ።

«ሌላዋስ መቼ ናት?»

«ውሃ ካለ፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት።»

ሦስት ሳምንት። ልጄ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ትወልዳለች። እንባዬ መጣ። በጣም ጮክ ብዬ አላለቀስኩም ብዬ ነበር የማስበው፣ ኋላ ሰይድ ሲነግረኝ ግን ከወንዙ ማዶ ሰው ወጥቶ አይቷል።

ሰይድ አላስቻለውም። «ስሚኝ፣ መርከቧ አሸዋውን ካለፈች በኋላ ከታች አንድ መንደር ላይ ቆማ በቆሎ ትጭናለች። እስከ አመሻሽ አትነሳም። በዚህ ውሃ ታንኳ ከሁለት ሰዓት በላይ አይፈጅባትም። ኦኬሎ!»

ኦኬሎ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ አኙዋክ፣ ቁመቱ የስልክ እንጨት የሚያህል። ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ይመራል አለኝ ሰይድ። ታንኳውን ሳይ ግን መዝሙር መምራቱ አላጽናናኝም። ከአንድ ግንድ የተቦረቦረች፣ የከብት ማጠጫ ገንዳ የመሰለች ነገር ናት።

«በዚህ ነው?»

«በዚህ ነው፣ እናቴ። ቁጭ በይ። አትነሺ፣ አትዙሪ።»

«መተንፈስስ?»

«ትንሽ ትንሽ» አለ።

እኔ በቅሎ የምፈራ ሴት፣ ጋምቤላ አንዲት ሌሊት ላለማደር አገር ያተራመስኩት፣ ባሮ ላይ ገንዳ ውስጥ ተቀመጥኩ። ለምን ብትሉኝ፣ ከአዞ ይልቅ ሙሉነሽ ያለ እናት ስታምጥ ማሰብ ባሰብኝ። ሌላ ጀግንነት የለበትም።

ውሃው ተቀበለንና ወሰደን። ኦኬሎ ከኋላዬ ቆሞ ይቀዝፋል፣ ቀስ ብሎ ያዜማል።

«ኦኬሎ፣ እዚህ አዞ አለ?»

«አለ።»

«ብዙ ነው?»

«አልቆጠርኩም።»

«ያ ምንድነው?»

«ግንድ ነው።»

«ያኛውስ?»

መቅዘፊያውን ወደ ሌላው ጎን አዞረ። «እሱን አትይው።»

ከዚያ በኋላ ጸሎቴን ጮክ አደረግሁት። እሱም መዝሙሩን ጮክ አደረገ። «በርታ» አልኩት፣ «እኔ ማርያምን ልጥራ፣ አንተ በናንተው መንገድ ጥራ። የሰማ ይምጣ።» ሳቀ። ጥርሱን ሳይ ትንሽ ልቤ መለስ አለ።

ጥቂት እንደሄድን ወሬ ሊያስረሳኝ ፈለገ መሰለኝ፣ «እናቴ፣ ማታር ማን አለሽ?» አለኝ።

«ልጄ። ልትወልድ ነው።»

«እ… ሚስቴ አጁሉ ሆስፒታል ትሠራለች፣ ታጸዳለች። ትናንት ከማታር አንድ ነፍሰ ጡር…»

«በማርያም፣ ሆስፒታል አታንሳብኝ!» አልኩት። የኛ ሰው ያውቀዋል፣ ልትወልድ የደረሰች ልጅ ያለችው እናት ፊት የሆስፒታል ወሬ አይወራም፤ ሟርት ነው።

«ክፉ አይደለም፣ እናቴ። ትናንት በመርከብ…»

«ዝም በል አልኩህ! ደግም ይሁን ክፉ፣ አንተ አዞውን እይልኝ።»

ወደ መዝሙሩ ተመለሰ። እኔም ሟርቱ እንዳይደርስብን ሦስቴ ወደ ባሮ እንትፍ አልኩ።

ዐሥር ሰዓት አልፎ መርከቧን አየናት። መንደሩ ዳር ቆማ፣ ሰዎች በሳንቃ ላይ የበቆሎ ጆንያ እየተሸከሙ ይገቡባታል። መርከብ ስላሏት እንጂ ቆርቆሮ ቤት ናት፣ ውሃ ላይ የቀረች። ኦኬሎ አስጠጋኝ፣ ሁለት ጎረምሶች በብብቴ ይዘው እንደ ጆንያ ጎትተው አወጡኝ። ተንበርክኬ ወለሉን ሳምኩት። ደረስኩ። ደረስኩላት።

ወጥ ቤቱ፣ በቀለ የሚባል ጎልማሳ፣ ውሃ በጣሳ ሰጠኝ። «ወዴት ነው እናት?»

«ማታር። ልጄ ጋ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ናት።»

«ሙሉነሽ?»

«ታውቃታለህ?» እጁን ልስመው ምንም አልቀረኝም።

«እንዴት አላውቃት? ሁለት ቀን ሙሉ ሾርባ ስሠራላት።» ጣሳውን ከእጄ ወሰደው፣ ሊወድቅ ስለነበር። «እግሯ አብጦ ራሷ አልወደደችውም። ጋምቤላ ሆስፒታል ልውለድ ብላ ከኛ ጋር መጣች እኮ። ትናንት ጠዋት አውርደናታል። ባሏ ፈቃድ ተከልክሎ ቀረ። አልነገረችዎትም?»

ዘወር ብዬ ኦኬሎን አየሁት። ታንኳው ውስጥ ቆሟል፣ መቅዘፊያውን ተደግፎ።

«ልትነግረኝ የነበረው ይህንን ነው?»

«ሁለት ጊዜ ጀመርኩ። የማታር ነፍሰ ጡር ብዙ ናት፣ ያንቺ ልጅ መሆኗን አላወቅሁም። ግን ልጠይቅሽ ነበር። ዝም በል አልሽ። እናት ዝም በል ካለች፣» ትከሻውን ነቀነቀ፣ «ዝም ነው።»

በሕይወቴ ራሴን በጥፊ ልመታ የፈለግሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከጋምቤላ እየሸሸሁ ነው ለካ ስንሳፈፍ የዋልኩት። ልጄ ከሰይድ ሱቅ በእግር ትንሽ አለፍ ብሎ ተኝታ፣ እኔ በዓለም ላይ ያለውን አዞ ሁሉ እየተሳለምኩ ቁልቁል ወረድኩ።

አቀበቱን ታንኳ አይሆንም፣ ውሃው ይመልሳል። መርከቧም የምትሄደው ወደ ታች ነው። ስለዚህ እዚያው መንደር አደርኩ፣ ከኦኬሎ አክስት ጎጆ፣ ከዚያ ከፈራሁት ትንኝ ጋር። በዝርዝር አላወራውም፤ ትንኙ ጎሬ ድረስ ወሬዬን ሰምቶ የቆየ ይመስል ነበር። ጠዋት ኦኬሎ ታንኳውን ለዘመዶቹ ትቶ በእግር መራኝ፤ ኋላ የመንግሥት እርሻ ትራክተር አገኘን፣ በተሳቢው ላይ ተንጠለጠልን። አንዲት ጊዜ እንኳ አልተቆጣኝም። «ቢያንስ አሁን አዞ የለም» ብቻ አለኝ።

ሆስፒታሉ ስደርስ እኩለ ቀን ነው። ነጠላዬ በቅቤ ርሶ በጭቃ ተለስኗል፣ የባሮ ዝንብ በሙሉ ተከትሎኛል። በሩ ላይ ቆምኩ።

ሙሉነሽ ተቀምጣለች። አጠገቧ አንዲት ረጅም ጥቁር ሴት በማንኪያ ገንፎ ታጎርሳታለች፤ አጁሉ ናት፣ የኦኬሎ ሚስት። በሌላ ክንዷ ነጭ ጨርቅ ይዛለች። ከጨርቁ ውስጥ ትንሽ ቡጢ ወጥቷል።

ትናንት ከሰዓት በዐሥር ሰዓት ተኩል ተወልዷል። እኔን በብብቴ ይዘው ሲጎትቱኝ ማለት ነው። እጇን ይዛ ያዋለደቻት አጁሉ ናት፤ የጽዳት ሥራዋን ጨርሳ ወደ ቤቷ መሄድ ስትችል፣ «እናት የላትም» ብላ ቀረች። እናት የላትም። ይቺን ቃል አጁሉ ስትነግረኝ ምንም ክፋት አልነበረባትም፣ የሆነውን ነው የነገረችኝ።

«እማዬ» አለች ሙሉነሽ፣ «ምን ሆነሽ ነው? የት ነበርሽ?»

«አንቺን ፍለጋ።»

«ወዴት?»

«ወደ ታች።»

ኦኬሎ ከበሩ ላይ በአኙዋክኛ ለሚስቱ አንድ ነገር ነገራት። አጁሉ ማንኪያውን አስቀምጣ ግድግዳውን ይዛ ሳቀች። ሙሉነሽም ሳቀች፣ ኋላ ግን ሳቁ ፊቷ ላይ ቆመ።

«ረቡዕ ከመርከቡ ወርጄ አውሮፕላኑን ልቀበል ሄጄ ነበር» አለች። «ማረፊያው ድረስ። በእግሬ። ያበጠ እግሬን እየጎተትኩ።»

«ረቡዕ?»

«መርከቧ ሐሙስ ናት ብዬ ጽፌልሻለሁ። እናቴ ፈሪ ናት፣ ከዋዜማው ትመጣለች አልኩ። የሚወርደውን ሁሉ አየሁ። ስምንት ሰው ወረደ። አብራሪው ሳይቀር ወረደ። አንቺ አልወረድሽም። ጥበቃውን፣ ‘ሌላ ሰው አልቀረም ወይ?’ ብለው፣ ‘አንድ ባዶ ወንበር ቀርቷል’ አለኝ።»

ምን ልበላት? ፈሪ ስለሆንኩ ነው ያልመጣሁት ልበላት? ፍርሃቴን ልጄ ከኔ በላይ አመነችው፤ ቀድሞ ያመጣታል ብላ። እኔ ደግሞ ያንኑ ፍርሃት ሰምቼ ቀረሁ። ቅቤዬን ፈታሁት። ከጎሬ ከያዝኩት ውስጥ አንድ እፍኝ ቀርቷል። አናቷ ላይ አደረግሁላት፣ የቀረውን ለአጁሉ ሰጠኋት። ሌላ የምሰጣት አልነበረኝም።

በነገራችን ላይ ጎሬ ስመለስ አንድ የሬዲዮ መልእክት ቆየኝ። «ወደ ማታር አትምጪ፣ ጋምቤላ ነኝ» ይላል። የደረሰው ሐሙስ፣ እኔ ጉም ሥር ሰዓት ስጠይቅ ነው። ወርቄ ይዛው ሜዳው ድረስ ሮጣ፣ ስትደርስ አውሮፕላኑ ተነስቷል። «አንቺም ዘገየሽ እኮ» ልላት ፈለግሁ፤ ፊቷን አይቼ ተውኩት።

ወባዋም አልቀረችም፣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ገና ጋምቤላ ሳለሁ፣ መጣች። ሦስት ቀን አንቀጠቀጠችኝ፣ ሙሉነሽ ኪኒን ሰጠችኝ፣ ተነሳሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ይቺን ነው አንድ ሌሊት የሸሸሁት።

አንባቢዎቼ፣ እኔ የምመክር ሰው አይደለሁም፣ ለመምከር ያደረሰኝ ትምህርት የለም። ግን መርከብም ይሁን አውቶቡስ፣ ሰርግም ይሁን ፍርድ ቤት፣ ቀጠሮ ያለበት አገር ከዋዜማው ድረሱ። የምትፈሩት አገር ከሆነ ደግሞ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ድረሱ፣ ፍርሃቱም ደክሞት ይተኛል። የዕለቱን አውሮፕላን ጉም ይይዘዋል፤ ጉም ባይይዘው ሌላ ነገር ይይዘዋል፤ እናንተ ደግሞ ሰማይ ላይ ሥልጣን የላችሁም። የዚያን ጊዜ ባለሥልጣኖች እንኳ አልነበራቸውም፣ ባይነግሩንም።

እኔ እንግዲህ ዛሬ ሰርግ ስጠራ ከድንኳኑ በፊት እደርሳለሁ። ባለቤቶቹ ካስማ ያስይዙኛል።

ልጁን ሙሉነሽ «ዘገየ» አለችው። እሱ በሰዓቱ ነው የመጣው፤ ስሙ የኔ ነው። አሁን ትልቅ ሰው ሆኖ ጋምቤላ ይኖራል፣ አጁሉንም እናቴ ነው የሚላት። እሱ ጋ ስሄድ ሁልጊዜ ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድሜ ነው የምበረው። ከአውሮፕላኑ ስወርድ ማንም አይቀበለኝም፣ ነገ ነው የሚጠብቁኝና። ማረፊያው ዳር ትንሽ እቆማለሁ። ሌላው ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ አያለሁ።